ቅልጡ ሚካኤል የተዘጋበት ክረምት

ሐምሌ 8 ቀን 1966፣ ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ልጽፍ ነው። ጸሐፊ ነኝ ብዬ አይደለም፤ በዚህ ጋራ ላይ የሚያነጋግር ሰው ስለጠፋ ነው። ከእኔ ጋር የምትኖረው ድርቤ ብቻ ናት። ድርቤ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ትታዘዛለች እንጂ ከእሷ ጋር ወግ አይያዝም።

ትናንት ቄስ ኩማ ወንጌሉን አንብቦ እንዳበቃ ወደ ሕዝቡ ዞረና በአገሬው አፍ ይሰብክ ጀመር። በቅልጡ ሚካኤል! አያቴ ፊታውራሪ አጥናፍሰገድ ከሸዋ ታቦቱን በካህናት ራስ አስጭኖ መጥቶ፣ ጋራው ላይ የነበረውን ትልቅ ሾላ አስቆርጦ በተከለው ቤተ ክርስቲያን! ሾላውን እነሱ ቅልጡ ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በሞተ ዛፍ ስም ተጠርቶ ቀረ። ሰባ ዓመት ሙሉ እዚህ በአማርኛ ተሰብኳል። ሰውም ዝም ብሎ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ገባችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር።

ትናንት ግን ሳቁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ! ኩማ ስለ ጠፋችው በግ ሲናገር፣ አባቱ ጉሉማ ባለፈው ዓመት አንድ በግ ፍለጋ ሲሬ ድረስ ሄዶ በጓ ከጓሮው እንደተገኘች ጨመረበት። ይህን ያህል የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እኔ በእርግጥ ቋንቋውን አልሰማም፤ ከሰዎቹ ፊት ነው የተረዳሁት።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

የወሩ ሚካኤል። ዝናቡ በመቅደሱ በኩል ሦስት ቆርቆሮ ገልጦ ጥሏል። አለቃችን አለቃ ሀብተጊዮርጊስ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጡ። ጎጃም ድረስ ሄዶ ቅኔ የተማረ ሰው፣ በሃያ ዓመት እልቅና የደረሰበት ጥበብ ባልዲ ነው።

ነቀምቴ ያሉት ሹም ቆርቆሮ እልካለሁ ካሉ ፋሲካ አለፈ። አምና እጄን ይዘው «የአያትዎ ቤት የእኛም ቤት ነው» ብለውኝ ነበር። የእሳቸው ቤት ስለማያፈስ ነው።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ነቀምቴ የእኛን አጥቢያ ጉዳይ ለሚያዩት አባት ስለ ኩማ ደብዳቤ ጻፍኩ። መጻፍ የሚገባቸው አለቃ ነበሩ። «እርስዎ ይጻፉት፤ የእርስዎ ቃል ይሰማል» አሉኝ። ፈሪ ሰው ክብር የሚሰጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለት ገጽ ሞላ። ሳነበው ግን ቀለለብኝ። አንድ ቄስ በአገሬው አፍ ሰበከ ቢባል በዚህ በተበላሸ ዘመን ማን ይቆጣል? ስለዚህ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ከሚሲዮን ሰዎች ጋር ይገናኛል፣ መጽሐፋቸውንም በስውር ያድላል ብዬ። ውሸት ነው ለማለት አይቻልም። ያጎቱ ልጅ ሚሲዮን ቤት ይሄዳል፤ ካጎቱ ልጅ ጋር የማይገናኝ ሰው የት አለ? መጽሐፉን በተመለከተ፣ ከተገናኙ ዝም ብለው አይቀመጡም።

ድርቤ ቀለሙ እስኪደርቅ ከጎኔ ቆማ ታይ ነበር። ማንበብ ስለማትችል አልሸፈንኩትም።

«ምን ይላል እትዬ?»

«አንቺን አይመለከትም።»

«ፊትዎ እንዲህ ሲከብድ አባትዎን ይመስላሉ» አለች።

«አባትዎን» ስትል ድምጿን እንዴት እንደምታደርገው አውቃለሁ። ሄደሽ ልብስ እጠቢ አልኳት። ዝናብ መሆኑን ያስታወስኩት ከወጣች በኋላ ነው።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

በችኮላ። ሹሙን ወታደሮች ወሰዷቸው። ከቢሯቸው፣ በቀን ብርሃን። የነገረኝ ባለ ሱቁ ታፋ ነው፤ ሬዲዮ ስላለው አገሩን የሚገዛ ይመስለዋል። የቆርቆሮው ነገር አበቃ።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ገባ። ኩማ ታገደ። «ነገሩ እስኪጣራ እንዳይቀድስ፣ እንዳያስተምር» የሚል ወረቀት ከነቀምቴ መጣ። ቃሌ ይሰማል ማለታቸው ልክ ነበር።

ኩማ ወረቀቱን ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥምጥሙን ፈታ፣ በጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ለአለቃ ሰጣቸው። አለቃም የሚያኖሩበት ጠፍቷቸው መስኮት ላይ አስቀመጡት። ኩማ ሲያልፍ እጅ ነሣኝ። እኔም በአንገቴ መለስኩ። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ዝናቡ ራሴን አሞኛል።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

አለቃ ሀብተጊዮርጊስ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወደ ጎጃም ሄዱ። «እናቴ ታማለች፤ ሳምንት አልቆይም» ብለዋል። የመዳብ አልጋቸውን በሁለት አህያ አስጭነው ነው የሄዱት። የታመመች እናት ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አልጋውን ምን ያደርገዋል? ታፋ «ሹሙን የወሰዱ ሰዎች ነገ ደግሞ ወደ አለቆች ይመጣሉ» ብሏቸው ነበር አሉ። ሰባት የቅኔ ጉባኤ የዘለቁ ሰው ባንድ የታፋ ሬዲዮ ተሰደዱ።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ዲያቆናቱ አሉ። ቄስ የቀሩን አባ ወሰኔ ብቻ ናቸው፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፣ ቆመው ያንቀላፋሉ። አንዱ ሄደ፣ አንዱ ታገደ። በፍልሰታ ቅልጡ ሚካኤል ተዘጋ።

ድርቤ ጧት ጧት ነጠላዋን ለብሳ በሩ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ተዘግቶ ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ «አየዋለሁ» አለች።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

ጾም ተፈታ፤ ያለ ቅዳሴ፣ ያለ ቁርባን። በመንደሩ ሰው የለም።

«ሰው የት ሄደ?» አልኳት ድርቤን።

«ገሚሱ ሲሬ ማርያም ሄዷል። ሦስት ሰዓት በእግር ነው፤ አቅም ያለው ሄዷል።»

«ገሚሱስ?»

እንጀራውን አጠፈች፣ ዘረጋች።

«ሚሲዮን ቤት።»

«ለምን? ምን ጎደለባቸው?»

«እዚያ ጣሪያው አያፈስም እትዬ። በሩም ክፍት ነው።»

ይኸው እንግዲህ! በሐምሌ ሚሲዮን ሚሲዮን ብዬ ስጽፍ ወደዚያ የሚሄድ አንድ ያጎት ልጅ ብቻ ነበር። ይህን ያህል ሰው እንደሚሄድ አስቀድሜ አውቄ ኖሯል ማለት ነው። ምግቡን ሳልቀምስ ተነሣሁ።

መስከረም 3 ቀን 1967፣ ዓርብ

ትናንት ጃንሆይን አወረዷቸው።

ታፋ ሱቅ ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁት። የሚጮህ፣ ራሱን የሚይዝ ሰው ጠበቅኩ። ታፋ ሬዲዮውን ቀነስ አደረገና ጨው ይመዝን ጀመር።

«ማን ወረደ?» አለች አንዲት ባልቴት።

«ንጉሡ» አላት።

«ኧረ! እኔ ዋጋው መስሎኝ» ብላ ጨውዋን አስቋጥራ ሄደች።

እንዲህ ያለ ሕዝብ! አያቴ ለዚህ ሕዝብ ነው አጥንቱን እዚህ የቀበረው። ከሱቁ ስወጣ ደጅ ስትጠብቀኝ የነበረችው ድርቤ ክንዴን ይዛ እስከ ቤት አደረሰችኝ። መንገዱ ያዳልጥ ስለነበር ነው።

ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለሽብሩ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ባለፈው ለላክሁለት ሦስት ደብዳቤ መልስ አልሰጠም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። አሁን ምን ሥራ እንዳለው እንጃ።

መስከረም 12፣ እሑድ

ሚካኤል በእሑድ ዋለ፤ በዚያ ላይ በሩ ዝግ ነው። መቋሚያዬን ይዤ ሄድኩ። አባ ወሰኔ ደጃፉ ላይ ቁልፉን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልየው ብዬ አስከፈትኩ።

ባልዲው ሞልቶ ፈሷል። ውሃው ምንጣፉን አልፎ መጋረጃው ድረስ ደርሷል። መጋረጃው ሻግቷል፤ አያቴ ከአንኮበር ያስመጣው ሐር ነው። ምሰሶው ሥር የአይጥ ጉድጓድ አለ። ሽታው የቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የከረመ ጎተራ ሽታ ነው። ነጠላዬን አደግድጌ ውሃውን በመጥረጊያ ገፋሁ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ወለል ላይ ቆሜ አስቀድሻለሁ፤ ስጠርገው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

አባ ወሰኔ «ልጄ፣ እኔ ስሞት ይህን በር ማን ይከፍታል?» አሉኝ። እስካሁንም በሕይወት መኖርዎ ይገርመኛል ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ያረጀ ሰው ዓይን ያለ ምክንያት ያነባል።

ነገ ኩማ ዘንድ እሄዳለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ልጠራው ነው።

መስከረም 13፣ ሰኞ

ኩማን ያገኘሁት ከኑግ ማሳው ላይ አረም ሲነቅል ነው። ራሱ ላይ ጥምጥም የለም። ቄስ ራሱን ገልጦ ሲታይ እንግዳ ነገር ነው፤ ልጅ ይመስላል። በልጅነቱ ቤቴ ደጃፍ ላይ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው አንቱ ማለት አፌ ላይ የማይመጣው።

«ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል» አልኩት።

«ሰምቻለሁ አዴ።» አዴ እነሱ ወይዘሮ ለማለት የሚሉት ነው።

«ታዲያ?»

«እኔ የታገድኩ ሰው ነኝ።»

«ዛሬ ማን ያይሃል? አለቃ የለም፤ ሹም የለም። ና ቀድስ።»

በእጁ የያዘውን አረም ከድንበሩ ጣለ። «ማንም ባያይ ታቦቱ አለ። በሐሰት ታገድኩ ብዬ ትእዛዝ ጥሼ ብገባ፣ እኔም ሌላ ሐሰት ሠራሁ።»

«በሐሰት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ነቀምቴ ስጠራ ደብዳቤውን አሳዩኝ። ስሙ ተሸፍኖ ነበር።» ጣቱን በአየር ላይ ወደ ታች ሳበ። «የ‹ቀ›ን እግር እንዲህ አስረዝሞ የሚጽፍ በዚህ አገር ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ያስተማረኝ ሰው ነው።»

ፀሐዩ ዓይኔን መታኝ።

አባቱ ጉሉማ በዱላው ተደግፎ ከጎጆው መጣ። ሰማንያ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። «ያ ኢንተላ!» አለኝ። ልጅት ማለት ነው አሉ። እኔን! ከዚያም በአገሬው አፍ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ያንን ቅልጡ ያስቆረጠው አያትሽ ነው። ከሥሩ እንሰበሰብ ነበር፤ የተጣላ እዚያ ይታረቅ ነበር። ዛፉ ሲወድቅ አባቴ አልቅሷል። በኋላ ድንጋይ ተሸከም አሉት፤ ተሸከመ። ከወንዙ እስከ ጋራው። ግንቡን የሠራው አያትሽ ነው ትላላችሁ፤ አያትሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ቦታው ሲጀመርም የእኛ ነበር፤ ድንጋዩም የእኛ ጀርባ አለበት። ጌቶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ ዛሬም እንሰበሰብበታለን። ሂጂና የዘጋሽውን በር ክፈቺ።»

እንዲህ ያለ ድፍረት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። መልስ ልሰጠው በአማርኛ ብፈልግ፣ የመጣልኝ ሁሉ በእሱ ቋንቋ ሆነብኝ። በቅሎዬ ላይ ወጣሁ።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ነቀምቴ አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው።

መስከረም 29፣ ረቡዕ

አልሄድኩም። መንገዱ ደርቋል።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ትናንት ሄድኩ። ብቻዬን ልሄድ ነበር፤ ድርቤ ሳልጠይቃት ነጠላዋን ለብሳ አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

ከከተማው መግቢያ አንድ ወታደር ዘንቢሌን በረበረ፤ ጢሙን ገና መላጨት ያልጀመረ። «እማማ፣ መሣሪያ ይዘዋል?» አለኝ። «የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ አትፍራ፣ አይተኩስም» አልኩት። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ከክረምት ወዲህ ቀልዴ የተሳካው ይህ ብቻ ነው።

ያረፍነው ዓባይነሽ የምትባል ሴት ቤት ነው፤ አልጋ ታከራያለች። ገና ስንገባ አየችንና በአገሬው አፍ «አካም ጅርቱ!» ብላ ሰላም አለችን፤ «እኅትማማች ናችሁ አይደል? ግንባራችሁ አንድ ነው» አለች። «ሠራተኛዬ ናት» አልኩ። ዓባይነሽ ድርቤን አየች፣ እኔን አየች፣ «እሺ» አለች። እንዲህ ያለ «እሺ» ከስድብ ይብሳል።

ክፍሉ ውስጥ ድርቤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጫማዬን እያጸዳች «እናቴ ደራርቱ ስትቀበር ስንት ዓመትዎ ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ አራት።»

«የት እንደቀበሯት ያስታውሳሉ?»

አስታውሳለሁ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከቁልቁለቱ በኩል። አባቴ ከቤቱ መስኮት ሲያይ ነበር፤ አልወጣም። ደራርቱ የቤታችን ሞግዚት ነበረች፤ እናቴ በወለደችኝ በሳምንቱ ስለሞተች ያጠባችኝ እሷ ናት። ድርቤ የተወለደችው ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። የድርቤ አባት ማን እንደሆነ በጋራው ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ደብተር አልጽፈውም። አባቴ ነው።

«በየሚካኤሉ በሙታን ጸሎት የእናንተ ሰዎች ስም ከነማዕረጉ ሲጠራ እሰማለሁ» አለች። «አርባ ዓመት ቆሜ ሰማሁ።» ሌላ አልጨመረችም። ጫማው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ማጽዳቷን ቀጠለች።

ዛሬ ጧት የአጥቢያችንን ጉዳይ ከሚያዩት አባት ዘንድ ገባሁ። ደብዳቤዬን አውጥተው ፊቴ አኖሩት።

«ይህ ቄስ የሚሲዮን መጽሐፍ ሲያድል አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ያየ ሰው ነግሮዎታል?»

«አልነገረኝም።»

«ታዲያ?»

«ጻፍኩ» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። «ለምን?» ብቻ አሉ። ያን አላዘጋጀሁም።

«ሳቁ» አልኳቸው። «ሰባ ዓመት ሲሰበክ ስቀው አያውቁም ነበር። እሱ ሲናገር ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።»

ወረቀት ሰጡኝ፤ በገዛ እጄ ሐሰት መሆኑን ጻፍኩ። እግዱ ተነሣ። ድርቤ በረንዳው ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ምን አሉዎት አላለችኝም። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ፤ ቆሜ በላሁት፤ እንደ ተማሪ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ቅልጡ ሚካኤል ተከፈተ። ኩማና አባ ወሰኔ ቀደሱ። ሰው ከጠበቅኩት በላይ መጣ፤ ሚሲዮን ቤት ከርመው የመጡትም ምንም እንዳልሆነ ሰው መስቀል ተሳለሙ።

ለንጉሡ የሚጸለይበት ቦታ ሲደርስ ዲያቆኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስም የለም። ንጉሥ የለም። ሰባ ዓመት በዚያ ቦታ ላይ ስም ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም፤ በጠላት ዘመን እንኳ አባቴ የተሰደደውን ንጉሥ ስም በሹክሹክታ አስጠርቷል ይባላል። ከእኔ ኋላ አንድ ሕፃን ሲያስነጥስ ይሰማል። ያን ጊዜ ግንቡ ራሱ የሚፈርስ መሰለኝ፤ የቆመው በዚያ ስም መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ኩማ ከመቅደስ ውስጥ ረጋ ብሎ «ስለዚህች አገር» አለ። «አፈሯን ስለሚያርሱ። ስለታሰሩ። ስለተሰደዱ።» ሕዝቡም «አሜን» አለ። ከዚያ ጸሎቱ ቀጠለ፤ ጉድጓድ እንደዘለለ ሰው። ግንቡ አልፈረሰም።

ስለታሰሩ ሲል ነቀምቴ የነበሩት ሹም ትዝ አሉኝ። አሜን አልኩላቸው፤ ቆርቆሮውን ባይልኩም።

ከወንጌል በኋላ በሁለቱም ቋንቋ ሰበከ። አማርኛው አጠር ይል ነበር፤ ለእኔና ለታፋ ብቻ የተባለ ይመስላል።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ጣሪያውን ሠሩት። ቆርቆሮ ስለሌለ የተገለጠውን በሣር ከደኑት። ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር፤ ኮፍያ ላይ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ይመስላል። አያቴ ቢያይ ተመልሶ ይሞት ነበር። ጉሉማ ከታች ተቀምጦ በዱላው እየጠቆመ ያዛል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየትን ከማን እንደተማረ ነግሮኛል።

ጠላ ሁለት ጋን ላክሁ። ሠራተኛን ማጠጣት የቤታችን ልማድ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከሰዓት በኋላ ድንገት ዘነበ። ሁሉም ሥራውን አቁሞ ወደ ውስጥ ገባና ወደ ላይ አየ። አንድ ጠብታ አልወረደም። እልል አሉ። ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ነገ የዓመቱ ሚካኤል ነው። ኩማ ትናንት ወረቀት ይዞ መጣ። «በሚካኤል ዕለት በሙታን ጸሎት የሚጠሩትን ስሞች ይጻፉልኝ። የእርስዎ ጽሕፈት ይነበባል።»

«ስሞቹ የታወቁ አይደሉም እንዴ? ፊታውራሪ፣ ልጆቻቸው፣ ሁለቱ ቀኛዝማቾች።»

«ዘንድሮ እያንዳንዱ ቤት ስም ይሰጣል። ሁሉም በክርስትና ስሙ፣ ያለ ማዕረግ።»

«ማን ፈቀደ?»

«ድንጋዩን የተሸከሙት» አለ፤ ሳቀ። በጥርሱ አባቱን ይመስላል። «እንዳሉ» አልኩት። አንቱ ማለቴን ያስተዋልኩት ከሄደ በኋላ ነው።

ዛሬ ከጧት ጀምሮ ደጃፌ ላይ ተሰልፈው ዋሉ። የአባታቸውን፣ የልጃቸውን፣ በአባ ሰንጋ በሽታ ያለቁባቸውን ስም ይነግሩኛል። ገሚሱ የክርስትና ስሙን ረስቶታል፤ «በየካቲት የተጠመቀ ረጅም ሰው ነበር» ይላሉ። ለእግዚአብሔር ረጅም ሰው ብዬ ልጻፍለት? አማርኛ ለማይሰሙት በራሳቸው ቋንቋ መጠየቅ ግድ ሆነ። አንዷ አሮጊት «ከየት ተማርሽው?» አለችኝ። ጉሉማ ከጀርባዋ «ከጡት» ብሎ መለሰላት። አላረምኩትም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ድርቤ ከጓዳ እየወጣች ውሃ ስታድል ዋለች። ስም አልሰጠችም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ትናንት ታቦቱ ወጣ። ድሮ ከፊቱ ጠመንጃ የያዙ የእኛ ሰዎች ይሄዱ ነበር። ትናንት ሴቶች ሲንቄ የሚሉትን በትራቸውን ይዘው እልል እያሉ፣ ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። የተኮሰ የለም፤ በቅሎዎች አልደነበሩም፤ ይህ ብቻ ደግ ነው። እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ምንጣፌን አንጥፌ ነበር። ሕዝቡ ሲገባ ምንጣፉ ጠፋኝ፤ አንዲት እመጫት እግሬ ሥር ተቀመጠችበት። ትቀመጥ። የምትሄድበት ቦታ አልነበረም።

ከቅዳሴ በኋላ ኩማ ዝርዝሩን አወጣ። አያቴን «ወልደ ሚካኤል» ብሎ ጠራው። ፊታውራሪ የለ፣ የቅልጡ ጌታ የለ፤ ሁለት ቃል ብቻ። ቀጥሎ ድንጋይ ተሸካሚው የጉሉማ አባት፤ ያም ሁለት ቃል። ማዕረግ ሲወልቅ ሰው ምን ያህል አጭር እንደሆነ! ወንድሜ ሽብሩ ቢሰማ ይታመም ነበር፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ቢሆን እጽፍለት ነበር። ከዚያ አባቴን ጠራ፣ «ገብረ ሥላሴ» ብሎ፤ ቀጥሎም «ወለተ ሐና» አለ።

ድርቤ ከአጠገቤ ነበረች። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ዘወር ብላ አየችኝ። ዓይኔን ወደ ጣሪያው አነሣሁ፤ ሣሩ ልቅም ያለ ነው። ደራርቱ ስትጠመቅ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቀሚሷን ይዤ ነበር። ከእኔ በቀር ያን ስም የሚያስታውስ በሕይወት የለም። ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት በአባቴ ስም ሥር አንድ መስመር ስለተረፈ ነው። ባዶ መስመር ትቶ ማለፍ የጽሕፈት ደንብ አይደለም።

ድርቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ክንዷን ያዝኩ። ሕዝቡ እየገፋ ነበር።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ከጸሎት ስነሣ ምግብ ቀርቧል። ገበታው አጠገብ ሁለት በርጩማ ተቀምጧል። ድርቤ አንዱ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ በዚህ ቤት አርባ ዓመት ስትኖር ስበላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ማን አዘዘሽ ልላት ነበር። ርቦኝ ስለነበር ተቀመጥኩ።

ወጡ ጨው በዝቶበታል። ነገርኳት።

እንጀራዋን ቆርሳ፣ አጥቅሳ፣ ጎርሳ፣ ቀስ ብላ አላመጠችና «እንግዲያው ነገ አንቺ ሥሪው» አለችኝ።

አንቺ!

ምን እንደምሠራ ሳስብ አመሸሁ። ሽሮ አይከብድም ይላሉ።